የመጠየቂያ ሰዓት

ይህ ለነርሶች፣ ለሐኪሞችና ለአስታማሚ ቤተሰቦች በአንድ አዳራሽ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን ከነመልሳቸው አስከትያለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ብዙዎቻችን አይሲዩ በምንለው ቦታ፣ በነርስነት 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ በሩን የማውቀው ከውስጥ ነው። ሲንኳኳ እከፍታለሁ። አንዲት እናት ወይም አንድ ባል ቆመው አያለሁ። "ትንሽ ጠብቁ፣ ሥራ ላይ ነን" እላለሁ። መልሼ እዘጋለሁ። ሥራ ላይ መሆናችን እውነት ነው። "ትንሽ" ያልኩት ግን አንዳንዴ ሦስት ሰዓት ይሆናል። በሩን ስዘጋው ከወዲያ የቀረው ሰው ምን እንደሚሆን አስቤው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ታላቅ ወንድሜ ታመመ። የሳንባ ምች ነው። በሁለት ቀን ውስጥ መተንፈስ አቃተውና ቬንቲሌተር በሚባለው የመተንፈሻ ማሽን ላይ ተደረገ። ሆስፒታሉ እኔ የምሠራበት አልነበረም። እናቴ፣ የወንድሜ ባለቤትና እኔ 19 ቀን ከበሩ ውጭ ተቀመጥን።

ሞኒተር ማንበብ ሙያዬ ነው። ተማሪዎችን አስተምሬበታለሁ። የወንድሜን ሞኒተር ሳየው ግን ማንበብ አቃተኝ። ቁጥሩ ይታየኛል፤ ትርጉሙ አይመጣልኝም። ኦክስጅኑ 91 ይላል። 91 ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ጠፋኝ። በፍርሃት የተያዘ ጭንቅላት እንደዚያ ነው። በሙያው ውስጥ የኖርኩት እኔ እንደዚያ ከሆንኩ፣ ያን ክፍል በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው እናቴስ?

በዘጠነኛው ቀን የሆነውን አልረሳውም። ከቀትር ጀምሮ እስከ ንጋት አንድም ሰው ወጥቶ አላናገረንም። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ማሽን ተገፍቶ ገባ። ሐኪም እየሮጠ ገባ። ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ወጣ። እናቴ የሰዉን አረማመድ ማንበብ ጀመረች። "ያቺ ልጅ ስትወጣ አቀርቅራ ነበር፤ አይተሻታል?" ትለኛለች። "አሁን የገባው አልሮጠም። ካልሮጠ ደህና ነው ማለት ነው? ወይስ ከእንግዲህ መሮጥ አያስፈልግም ማለት ነው?" መልስ ያጣ ሰው ከፊት፣ ከጫማ ድምፅ፣ ከበር አከፋፈት መልስ ይፈልጋል። የሚያገኘው መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው።

ቋንቋችን "መጠየቅ" በሚለው አንድ ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። የታመመ ይጠየቃል። ያልገባን ነገርም ይጠየቃል። ጠያቂ ማለት አልጋው አጠገብ ለመቆም የመጣ ሰው ነው። ጠያቂ ማለት መልስ የሚፈልግ ሰውም ነው። በሆስፒታል በር ላይ "የመጠየቂያ ሰዓት" ተብሎ ይለጠፋል። የሚጻፈው ሰዓት ለመጀመሪያው መጠየቅ ነው። ለሁለተኛው የተጻፈ ሰዓት ግን አይቼ አላውቅም። ዛሬ የመጣሁት ስለዚህ ሰዓት ልናገር ነው።

ናንሲ ሞልተር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመችው ጥናት አለ። ያደረገችው ነገር ቀላል ነው። 40 የጽኑ ሕሙማን ዘመዶችን ይዛ 45 ፍላጎቶችን ዘረዘረችላቸው። የትኛው ለእናንተ ይበልጣል ብላ ጠየቀች። ከሁሉም በላይ የወጣው "ተስፋ እንዳለ ማወቅ" ነው። ቀጥሎ የሆስፒታሉ ሰዎች ለታማሚው ከልብ እንደሚያስቡ ማየት መጣ። ከአሥሩ ዋና ዋናዎች ውስጥ ደግሞ እነዚህ አሉ፤ ለጥያቄያቸው እውነተኛ መልስ ማግኘት፣ በሚገባቸው ቋንቋ መነገር፣ ለውጥ ሲኖር ቤታቸው ድረስ መደወሉ፣ ታማሚውን ቶሎ ቶሎ ማየት። ከዚያ በኋላ ጄን ሌስኪ የተባለች ተመራማሪ ፍላጎቶቹን በአምስት ከፈለቻቸው። ማረጋገጫ፣ ቅርበት፣ መረጃ፣ ምቾትና ድጋፍ ናቸው። መጠይቁ እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል።

እኔን ሁለት ነገር ነው የገረመኝ። አንደኛው ከዝርዝሩ ግርጌ የቀረው ነው። በአብዛኛው ስለራሳቸው ምቾትና ስሜት የሚያነሡት ናቸው። ይሄ ምቾት አያስፈልጋቸውም ማለት አይደለም። ያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ራሱን ረስቷል ማለት ነው። የወንድሜ ባለቤት የስኳር መድኃኒቷን አራት ቀን ሳትወስድ መቅረቷን ያወቅነው ሲያዞራት ነው። ስለራሷ አልጠየቀችም። የጠየቃትም አልነበረም።

ሁለተኛው ተስፋና እውነት በአንድ ዝርዝር ውስጥ፣ ያውም ከላይ፣ አብረው መገኘታቸው ነው። በሙያችን እውነቱን የምንሸፍነው ብዙ ጊዜ በክፋት አይደለም። "ተስፋቸውን አልቀማም" ብለን ነው። እነዚያ ሰዎች ግን ሁለቱንም ነበር የጠየቁት። ተስፋ ደግሞ መልኩን ይለውጣል። መጀመሪያ "ይድንልኝ" ነው። ቀጥሎ "ይህችን ሌሊት ይለፋት" ይሆናል። የባሰ ሲመጣ "አይሠቃይብኝ" ይሆናል። በመጨረሻም "ብቻውን አይሁን"። እውነቱን ያልሰማ ሰው ግን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መሻገር አይችልም። ድንገት አንድ ቀን ጠዋት "አረፈ" ሲባል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወድቅበታል።

አሁን ስለ ቃላት ላውራ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

"ስቴብል ነው" እንላለን። እኛ ስንለው፣ በማሽንና በመድኃኒት ድጋፍ ላይ ሆኖ ካለፈው ሰዓት አልተለወጠም ማለታችን ነው። ቤተሰቡ የሚሰማው "ከአደጋ ወጥቷል" ተብሎ ነው። ሄደው ለዘመድ ይደውላሉ። ደስታ ይሆናል። ማታ ታማሚው ሲያርፍ "ጠዋት ደህና ነው ብላችሁን አልነበር እንዴ?" ይላሉ። ብለናል። አልዋሸንም፤ ግን እውነቱን አልነገርናቸውም።

"ተኝቷል" እንላለን። መድኃኒት ሰጥተን ያስተኛነው ሰው ነው። እናት ግን እንቅልፍ መስሏት "እሰይ፣ ይረፍ" ትላለች። በሦስተኛው ቀን "ለምን አይነቃም?" ስትል ድንጋጤው የሷ ብቻ ይሆናል፤ እኛ ከመጀመሪያው እናውቀው ነበር። "ማሽኑ እያገዘው ነው" እንላለን። ማሽኑ ግን ሙሉ በሙሉ እየተነፈሰለት ሊሆን ይችላል። "ኩላሊቱ ትንሽ ደከም ብሏል" እንላለን። የምናስበው ግን የኩላሊት እጥበት ዛሬ ይጀመር ወይስ ነገ ስለሚለው ነው። "ደህና ነው"፣ "ያው ነው"፣ "እየሞከርን ነው" ደግሞ ምንም አይናገሩም። እኔ ራሴ "ያው ነው" ብዬ በሩን የዘጋሁባቸው ቀኖች ቁጥር የላቸውም። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ "ያው ነው" ሲሉኝ ነው ምን እንደሚመስል የቀመስኩት።

ፈረንሳይ ውስጥ ኤሊ አዙሌ የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። ከሐኪም ጋር ከተነጋገሩት ቤተሰቦች 54 በመቶ የሚሆኑት ወይ በሽታው ምን እንደሆነ፣ ወይ ወዴት እንደሚያመራ፣ ወይ ምን ሕክምና እየተሰጠ እንደሆነ አልገባቸውም ነበር። ልብ በሉ፤ እነዚህ ተነጋግረዋል። ሐኪሙም ነግሬያቸዋለሁ ብሎ ነው የሄደው።

ታዲያ እንዴት እንናገር? እኔ አሁን እንዲህ እላለሁ። "ከትናንት ወዲህ የከፋ ነገር የለም። ግን አሁንም በጣም ታሟል። ሊሞት ይችላል ብለን እንሰጋለን። ዛሬ የምንጠብቀው ትኩሳቱ እንዲወርድ ነው፤ ማታ በ12 ሰዓት የሆነውን እነግራችኋለሁ።" "ሊሞት ይችላል" የሚለው ከአፍ ለማውጣት ይከብዳል። መጀመሪያ ላይ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን ሰው ያንን ሲሰማ አብዛኛውን ጊዜ የሚለው "እኔም ፈርቼ ነበር" ነው። ፍርሃቱ ቀድሞም ውስጡ አለ። እኛ የጨመርንለት አብሮት የሚፈራ ሰው ነው።

ተናግረን ስንጨርስ ደግሞ "ገባችሁ?" አንበል። "አዎ" ነው የሚሉት። ሁሉም "አዎ" ይላል። በምትኩ "ቤት ላሉት ምን ብላችሁ ትነግሯቸዋላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ፈተና አይመስልም። የሚመልሱላችሁን ስትሰሙ ግን የት እንደተሳሳታችሁ ይገባችኋል።

ሌላው ማን ብዙ ይናገራል የሚለው ነው። አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ ውስጥ ተመራማሪዎች ሐኪሞች ከቤተሰብ ጋር ያደረጓቸውን 51 ስብሰባዎች በድምፅ ቀድተው መረመሩ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ስብሰባው በአማካይ 32 ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ ውስጥ ቤተሰቡ የተናገረው 29 በመቶውን ብቻ ነው። ቀሪውን የተናገረው የሕክምና ባለሙያው ነው። ቤተሰቡ በርከት ያለ ድርሻ ይዞ በተናገረበት ስብሰባ ደግሞ ቤተሰቡ ይበልጥ ረክቷል። እኛ እውቀታችንን ለማካፈል እንጣደፋለን። እነሱ ሊነግሩን የመጡት አለ። ሰውየው ማን እንደሆነ ሊነግሩን ነው የመጡት። "እሱ እኮ ለአንድ ቀን ሥራ ቀርቶ አያውቅም" ሲሉ ጊዜ እያባከኑ አይደለም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ በ22 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ሌላ ጥናት ተደረገ። ሊሞቱ የተቃረቡ 126 ታማሚዎች ቤተሰቦች በሁለት ተከፈሉ። ለግማሾቹ እንደተለመደው ስብሰባ ተደረገ። ለቀሪዎቹ ግን ሐኪሞቹ ቤተሰቡ የሚለውን እንዲያዳምጡ፣ ስሜታቸውን ስሙን ጠርተው እንዲቀበሉ፣ ጥያቄ እንዲጋብዙ ተደረገ። ስለ ሐዘን የሚያስረዳ በራሪ ጽሑፍም ተሰጣቸው። ስብሰባው ከ20 ደቂቃ ወደ 30 ደቂቃ ነው ያደገው። የቤተሰቡ የመናገሪያ ጊዜ ግን ከ5 ደቂቃ ወደ 14 ደቂቃ ከፍ አለ። ከሦስት ወር በኋላ ሲጠየቁ፣ ከባድ ድንጋጤ የሚተወው የሰቀቀን ምልክት በመጀመሪያዎቹ ላይ 69 በመቶ፣ በሁለተኛዎቹ ላይ 45 በመቶ ሆኖ ተገኘ። አሥር ደቂቃ ነው። እኔ ይህን ጥናት ሳነብ ያለቀስኩት በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች ነው። ለስንት ሰው ነፍጌያቸዋለሁ?

ስለ ሰቀቀኑ አንድ ነገር ልጨምር። ያው የአዙሌ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳየው፣ ዘመዳቸው ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ከወጣ ወይም እዚያ ካረፈ ከሦስት ወር በኋላ ከሦስት የቤተሰብ አባላት አንዱ ላይ ይህ ምልክት ይታያል። መረጃው ጎድሎብኝ ነበር ባሉት ላይ ወደ ግማሽ ይጠጋል። በሕይወት መጨረሻ ውሳኔ ላይ ተካፋይ በሆኑት ላይ ደግሞ 82 በመቶ ይደርሳል። ይህን አይተው "እንግዲያው ቤተሰብን ከውሳኔ እናርቅ" የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ችግሩ ጥያቄውን የምናቀርብበት መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። "ማሽኑን እንንቀለው ወይስ እንቀጥል?" ብለን አንዲትን ልጅ ከጠየቅናት፣ አባቷን እንድትገድል ወይም እንድታሠቃይ ነው የጠየቅናት። ዕድሜዋን ሙሉ ትሸከመዋለች። እንዲህ ብንላትስ? "አባትሽን አንቺ ታውቂዋለሽ። እዚህ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ቢሰማ ምን ይል ነበር?" ያኔ የምትናገረው የሱን ቃል ነው። ከዚያ ሐኪሙ "እንግዲያው እኛ የምንመክረው ይህን ነው" ብሎ የራሱን ድርሻ ይሸከም። ምክር መስጠት የኛ ሥራ ነው። ሸክሙን ወደ ወንበሩ መግፋት የለብንም።

ወደ መጀመሪያው መጠየቅ ልመለስ፣ ወደ አልጋው አጠገብ መቆም።

የጽኑ ሕሙማን ሕክምና እንዴት እንደተጀመረ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ውስጥ የፖሊዮ ወረርሽኝ ገባ። ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ፤ የሚተነፍሱበት ጡንቻ ሽባ ሆነባቸው። ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም ጉሮሯቸው ላይ ቱቦ አስገብቶ በእጅ በሚጨመቅ ፊኛ አየር መስጠት ጀመረ። ለሁሉም የሚበቃ ማሽን አልነበረም። ስለዚህ ወደ 1,500 የሚጠጉ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተቀመጡ፣ ቀንና ሌሊት፣ ፊኛውን በእጃቸው ጨመቁ። ይህ ሕክምና ሲወለድ በእያንዳንዱ አልጋ ራስጌ አንድ ሰው ተቀምጦ ነበር። በኋላ ማሽን መጣ። ሰውም ከራስጌው ተነሣ። ቤተሰብ ደግሞ ከበሩ ውጭ ሆነ።

"ኢንፌክሽን ያመጣሉ፣ ታማሚውን ይረብሻሉ፣ ሥራ ያበዛሉ" ይባላል። እኔም እል ነበር። ብራዚል ውስጥ በ36 ክፍሎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ትልቅ ጥናት ቤተሰብ በቀን ውስጥ እስከ 12 ሰዓታት ያህል እንዲቆይ ፈቀደ። ኢንፌክሽን በሚታይ ሁኔታ አልጨመረም። የሠራተኛው መሰላቸትም አልጨመረም። ተመራማሪዎቹ የታማሚው መቃዠት ይቀንሳል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር፤ ያ አልሆነም። የቤተሰቡ ጭንቀትና ድብርት ግን ቀነሰ። የኮቪድን ጊዜ ደግሞ ሁላችንም እናስታውሳለን። በሩ ጨርሶ ተዘጋ። ሰው እናቱን በስልክ ተሰናበተ። በዚያ ወቅት ፈረንሳይ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ በኮቪድ ምክንያት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡት ታማሚዎች ቤተሰቦች 35 በመቶው የሰቀቀን ምልክት ታይቶባቸዋል። በሌላ ምክንያት ሳንባቸው ከተጎዳው ታማሚዎች ቤተሰቦች ግን 19 በመቶው ነው። ስልክ የያዙት እጆች ዛሬም አልተረጋጉም።

በሩን መክፈት ብቻ ግን አይበቃም። ሳያዘጋጁት የሚገባ ሰው ይሰበራል። ስለዚህ አስታማሚ የሆናችሁ ስሙኝ፤ ነርሶችም ከመግባታቸው በፊት ይህን ንገሯቸው። ሰውነቱ ከሚሰጠው ፈሳሽ የተነሣ ሊያብጥ ይችላል፤ ፊቱን ላታውቁት ትችላላችሁ። ቱቦው በድምፅ አውታሮቹ መካከል ስለሚያልፍ ቢነቃም መናገር አይችልም፤ ድምፁ ጠፍቶ አይደለም። ቱቦውን እንዳይነቅል እጁ በጨርቅ ታስሮ ልታገኙት ትችላላችሁ። ማሽኑ ይጮኻል። ብዙውን ጊዜ የሚጮኸው ጣቱ ላይ ያለው መለኪያ ስለተንሸራተተ ወይም ታማሚው ስላሳለ ነው። የሚያስፈራ ድምፅ ሲሆን እኛ እንሮጣለን። እናንተ ማሽኑን ሳይሆን ፊቱን እዩ።

እጃችሁን ታጠቡና ያዙት። ንኩት። "ይሰማል ወይ?" ትላላችሁ። የሚያስተኛው መድኃኒት ከሰዓት ሰዓት መጠኑ ይለያያል። ከነቁ በኋላ የሰሙትን የነገሩን ታማሚዎች አሉ፤ ምንም ትዝ የማይላቸውም አሉ። በዚያች ደቂቃ የትኛው እንደሆነ ስለማናውቅ እንደሚሰማ አድርገን እናውራው። ስሙን ጥሩት። ቀኑን ንገሩት። የት እንዳለ፣ ቱቦው ለምን እንደገባለት ንገሩት። ራስጌው ላይ ቆመን "ይህ ይተርፋል ብለሽ ነው?" የምንባባለው እኛም አፋችንን እንሰብስብ።

መቃዠቱን ግን አስቀድማችሁ እወቁት። ሐኪሞች ዲሊሪየም ይሉታል። ቬንቲሌተር ላይ በቆዩ ሰዎች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው። ታማሚው ሚስቱን "ልትገድይኝ ነው" ሊላት ይችላል። ጣሪያው ላይ ነፍሳት ያያል። ነርሷን ይሳደባል። አንጎሉ ታሞ ነው፤ ጠባዩ ወጥቶ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። መነጽሩን፣ የመስሚያ መሣሪያውን፣ የሚያውቀውን ፎቶ አምጡለት። አትከራከሩት። "እኔ ነኝ፣ እዚህ ነህ፣ ደህና ትሆናለህ" በቂ ነው። ወንድሜ እናቴን "ይህችን ሴትዮ አስወጡልኝ" ብሏታል። ስለ ዲሊሪየም ማንም አልነገራትም ነበር። እኔ መጥቼ እስክነግራት ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

ስለ እናንተ ስለራሳችሁ በአጭሩ። ተኙ፤ ተፈራርቃችሁ ተኙ። መድኃኒት ያላችሁ ዋጡ። ከሐኪም ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ምረጡ፤ ስልኩንም አስመዝግቡ። ወንድማማች ካልተስማማችሁ ጠባችሁን አልጋው አጠገብ አታድርጉት፤ ሁላችሁም ባላችሁበት እንድናናግራችሁ ጠይቁ። ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። የነገሯችሁን ጻፉ። ጥያቄያችሁን ጻፉ። እዚያ ወንበር ላይ ያለ ጭንቅላት አይዝም።

ከክፍሉ ከወጣ በኋላስ? ሰው "ተሻለው፣ ወደ ተራ ክፍል ተዛወረ" ሲል እናንተ ልባችሁ ይመታል። ትናንት አንድ ነርስ ዓይኗን የማትነቅልበት ሰው፣ ዛሬ ሞኒተሩ ተነቅሎ ከሌሎች ጋር ተኝቷል። መደናገጣችሁ ትክክል ነው። ቤት ሲገባም ጡንቻው አልቆ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። ይረሳል። ይቆጣል። እናንተም ማታ ማታ የማሽን ድምፅ ይሰማችኋል። ይህ ስም ያለው ችግር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ባለሙያዎች በታማሚውም በቤተሰቡም ላይ የሚደርስ፣ ከጽኑ ሕሙማን ሕክምና በኋላ የሚቀር ሕመም ብለው በአንድነት ጠርተውታል። አብዳችሁ አይደለም። ሐኪም ጋ ሂዱና "ባሌን ሳስታምም ቆየሁ፣ አሁን እኔ እንቅልፍ የለኝም" በሉ።

ያዘጋጀሁት ይህን ያህል ነው። ጥያቄ ካላችሁ።

አንዲት ነርስ እንዲህ ስትል ጠየቀች፤ "ሲስተር፣ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። ግን እኔ አንዳንድ ሌሊት ብቻዬን አራት ታማሚ እይዛለሁ። መቼ ነው የምቀመጠው?"

እውነትሽን ነው። አራት ታማሚ ይዘሽ 30 ደቂቃ መቀመጥ አትችዪም፤ ተቀመጪ የሚልሽም የለም። ያን ሰዓት በፕሮግራም ውስጥ ማስገባት፣ ሰው መመደብ፣ ክፍል ማዘጋጀት የኃላፊዎች ሥራ ነው። ኃላፊዎች እዚህ ስላላችሁ እናንተ ፊት ነው የምናገረው። አንቺ ግን አንድ ደቂቃ አለሽ። ስትረከቢና ስታስረክቢ በሩን ከፍተሽ "አልረሳናችሁም። የምነግራችሁ አዲስ ነገር ስለሌለ ነው። በስድስት ሰዓት ተመልሼ እወጣለሁ" በይ። ከዚያ በስድስት ሰዓት ውጪ። ምንም አዲስ ነገር ባይኖርም ውጪ። ካልቻልሽም ሌላ ሰው ላኪ። እኔ ወንበሩ ላይ ሆኜ የፈለግሁት ተአምር አልነበረም። ሰዓት ነበር የፈለግሁት።

ሌላዋ ጠያቂ የታማሚ ባለቤት ናት። "ባሌ ከወጣ አምስት ወሩ ነው። እዚያ ስለነበረበት ጊዜ ይጠይቀኛል። ልንገረው ወይስ ረስቶት ይቅር?"

ንገሪው። እሱ ውስጥ ያለው ባዶ አይደለም። ብዙዎቹ ታማሚዎች የሚያስታውሱት ቅዠቱን ነው፤ ሊገድሏቸው የመጡ ሰዎችን፣ የሰመጡበትን ውኃ። የሆነውን ሲሰሙ ነው ቅዠቱ ቦታውን የሚይዘው። በስካንዲኔቪያ አገሮች ነርሶችና ቤተሰብ አብረው ለታማሚው የየቀኑን ማስታወሻ መጻፍ የጀመሩት ለዚህ ነው። በቀላል ቃል ይጽፋሉ። "ዛሬ ዓይንህን ገለጥክ። እህትህ መጥታ ነበር። ውጭ ዝናብ ነው።" ከወጣ በኋላ ይሰጡታል። በስድስት የአውሮፓ አገሮች በሚገኙ 12 ሆስፒታሎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ ወጥቷል። ማስታወሻውን ካገኙት ታማሚዎች አዲስ የሰቀቀን ሕመም የያዛቸው 5 በመቶ ናቸው፤ ካላገኙት 13 በመቶ።

የኛም ደብተር ነበረን። እኔ የጀመርኩት ሐኪሞቹ የሚሉትን እንዳልረሳ ነው። በኋላ እናቴ ያዘችው፤ ለሱ እያወራች መጻፍ ጀመረች። ወንድሜ ደብተሩን ለሁለት ወር አልነካውም። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበበው። እኛ ኩሽና ውስጥ ሆነን ገጹ ሲገለበጥ እንሰማ ነበር። ከዚያ ድምፁ ቆመ። ጠራኝ። ዘጠነኛው ቀን ላይ ደርሷል። እናቴ ከላይ ቀኑን ጽፋለች። ከሥሩ ምንም የለም።

"ይሄ ለምን ባዶ ሆነ?" አለኝ። "የዚያን ቀን አልመጣችሁም?"

"መጥተን ነበር" አልኩት። "ከቀትር እስከ ንጋት በሩ ላይ ነበርን። ማንም ምንም አልነገረንም።"